«1961» በማን አቆጣጠር?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ አማካሪያችን፤

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አባቴ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ጊታር ተጫዋች ነበር። መጀመሪያ አስመራ፣ በኋላ አዲስ አበባ በሆቴል ባንዶች ውስጥ ሠርቷል። ስሙ በካሴት ሽፋን ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚጫወት ሰው ነበር። እናቴ እንደምትለው በሰዓት እላፊው ዘመን ማታ የገባ የሚወጣው ጠዋት ነበር፤ ጨፋሪውም ባንዱም እኩል ተቆልፎባቸው ያድሩ ነበር።

ከአርባው በኋላ ወደዚህ ስመለስ ጊታሩን ይዤው መጣሁ። «ውሰጂው፣ እዚህ አቧራ ይበላዋል» ያለችኝ እናቴ ናት። ወንድሜ በዚያ ሰዓት ምንም አላለም።

ቤተሰቡ ጊታሩን «ታክሲዋ» ነው የሚላት። በደርግ ጊዜ ቀለሟ ሲላላጥ የአባቴ ጓደኛ የነበረ ባትላሜራ ከታክሲ በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶለት ነው። ራሷ ላይ፣ ክሮቹ በሚጠብቁበት ጫፍ፣ በጥቁር ወፍራም ፊደል የአሜሪካው ጊታር ፋብሪካ ስም «ፌንደር» ይላል። ጀርባዋ ላይ በአራት ብሎን የተያዘ ብረት አለ፤ በብረቱ ላይ ትልቅ «ኤፍ» ፊደልና በ2 የሚጀምር ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ይታያል። በሳጥኑ ክዳን ውስጥ በአባቴ እጅ ጽሑፍ «ሐምሌ 1961 አስመራ» ተጽፏል። አስመራ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ስቴሽን፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አሜሪካዊ ወታደር እንደገዛት ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።

ችግሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። ታናሽ ወንድሜ የጊታሩንና የሳጥኑን ፎቶግራፍ ላኪልኝ አለኝ፤ ላክሁለት። ለካ «የ1961 ፌንደር» ብሎ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶት ኖሯል፤ ጀርመን አገር የሚኖር አንድ ገዢም መኪና የሚገዛ ገንዘብ እንደሚሰጥ ጽፎለታል። አሁን ወንድሜ በየቀኑ ይደውላል። እውነቱን ለመናገር 1961 የእኛ አቆጣጠር መሆኑ ወዲያው ገብቶኛል። ግን አልነገርኩትም። ዋጋውን አውርጄ ጊታሩን ለራሴ ለማስቀረት ያደረግሁት ይመስለዋል ብዬ ፈራሁ። ባለፈው ሳምንት ስንጨቃጨቅ «አንቺ ዘፈኑን ይዘሽ ሄድሽ፤ ለእኔ ሳሉ ቀረኝ» አለኝ። አባታችንን ሦስት ዓመት ያስታመመው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ልጄ ደግሞ ሌላ ነገር ይዟል። ሰማያዊውን ቀለም ፍቆ ጊታሩን እንደ ድሮው ቡናማና ቢጫ ሊያደርገው፣ ፒክአፕ የሚላቸውን፣ የክሮቹን ድምፅ የሚቀበሉ ክፍሎችም አውጥቶ ወፍራምና ኃይለኛ ድምፅ ያላቸውን ሊገጥም ይፈልጋል። «የፒክአፕ መምረጫው ተበላሽቷል፤ ክብሪት እንጨት ተወትፎበታል» ይላል። እኔ ስለ ጊታር የማውቀው አባቴ ሲለማመድ ዝም ማለት እንዳለብኝ ብቻ ነው። ይህ እውነተኛ ፌንደር ነው? ልሽጠው? ለልጄ ልተወው? ወንድሜንስ ምን ልበለው?

ታክሲዋ እኔ ዘንድ ናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የአማካሪው መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለአባትሽ ነፍስ ይማር፤ ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ።

እንቅልፍ የነሳሽን ነገር ላስቀድም። 1961 የእኛ አቆጣጠር ነው ብለሽ መገመትሽ ትክክል ነው። ይህንንም ለወንድምሽ ለማስረዳት በአንቺ ቃል ላይ መደገፍ የለብሽም፤ ጊታሯ ራሷ ትመሰክራለች። ሐምሌ 1961 በፈረንጆች አቆጣጠር ጁላይ 1969 ነው፤ ሰው ጨረቃን የረገጠበት ወር። አባትሽ ያችን መስመር ክዳኑ ላይ ሲጽፍ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጀርመን አገር ሆኖ የሚያነባት ገዢ ይኖራል ብሎ አላሰበም። ጊታር ገዛ፣ ደስ አለው፣ ቀኑን ጻፈ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች የፋብሪካው ስለሆኑ፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእናንተም ጣጣ የመጣው ይህን ከመርሳት ስለሆነ አስቀድሜ ልናገር።)

ጊታሯ በ1961 የተሠራች ብትሆን ኖሮ ራሷ ላይ ያለው ስም በቀጭን ወርቃማ ፊደል ይጻፍ ነበር። ጥቁርና ወፍራም ጽሑፍ የመጣው በ1968 ነው። ጀርባዋ ላይ ያለው ብረትም ቁጥር ብቻ ይኖረው ነበር እንጂ ትልቁ «ኤፍ» አይኖረውም፤ ያ ፊደል መታተም የጀመረው በ1965 መገባደጃ ነው። በ2 የሚጀምሩት ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥሮችም የ1960ዎቹ መጨረሻ ናቸው። አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ፤ የጊታሯ ራስ ሰፊ ነው ወይስ ጠበብ ያለ? በ1965 መገባደጃ ላይ ፌንደር ስትራቶካስተር የሚባለውን፣ የታክሲዋን ዓይነት ጊታር፣ ራስ አስፍቶታል። ከድሮዎቹ የአንዱን ፎቶግራፍ ከጎኗ አድርገሽ ብታዪ ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያሻም።

ስምንት ዓመት ይህን ያህል የዋጋ ልዩነት ለምን ያመጣል ብትዪኝ፣ የፋብሪካው መሥራች ሊዮ ፌንደር በጃንዋሪ 1965 ኩባንያውን ለአሜሪካው የብሮድካስት ድርጅት ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ስለ ሸጠ ነው። ሰብሳቢዎች ዘመኑን ከሽያጩ በፊትና ከሽያጩ በኋላ ብለው ለሁለት ይከፍሉታል፤ ለመጀመሪያዎቹ የሚከፍሉት ዋጋ ለኋለኞቹ ከሚከፍሉት እጅግ ይበልጣል። ከሽያጩ በኋላ የተሠራ ሁሉ የማይረባ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ ዉድስቶክ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የተጫወተው በ1968 በተሠራ ሰፊ ራስ ባለው ነጭ ስትራቶካስተር ነው። ቀኑ ኦገስት 18፣ 1969 ነበር፤ በእኛ ነሐሴ 12 ቀን 1961። አባትሽ ታክሲዋን ከገዛ ገና ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ካሰበው ያነሰ ገንዘብ ቢሆንም፣ እውነተኛ ከሆነች የእጃችሁ ንብረት ቀላል አይደለም።

እውነተኛ ከሆነች ማለቴን ልብ በይ። ራስ ላይ የተጻፈ ስም ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን የምናገረው ከራሴ ኃጢአት ተነስቼ ነው። ወጣት ሳለሁ በሰፈራችን ማንም ስሙን የማያውቀው አንድ የጃፓን ጊታር ነበረኝ። የታላቅ እህቴን የጥፍር ቀለም ሰርቄ ራሱ ላይ «ፌንደር» ብዬ ጻፍኩበት፤ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ፊደል አሳስቼ። ሰፈሩ ሁሉ አመነኝ። ኋላ ሳፍር ጽሑፉን በብርጭቆ ወረቀት ልፍቅ ብዬ የፋብሪካውን የራሱን ስም አብሬ ፋቅሁት። ጥሩ ጊታር ነበር፤ እኔ ነኝ ስም የለሽ ያደረግሁት። በአራት ብሎን የተያዘ ብረትም እንዲሁ ነው፤ ካቻቢቴ ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ ከአንዱ ጊታር ነቅሎ ሌላው ላይ ይገጥመዋል።

የሚታመነው ውስጧ ያለው ነው። ከክሮቹ ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን በአሥራ አንድ ብሎን ተይዟል። ሽፋኑ ሲነሳ ከሦስቱ የድምፅ ቁልፎች ሥር ክብ የብረት ጀርባዎች ይታያሉ፤ እነሱ ላይ ቁጥር ታትሟል። በ137 የሚጀምረው ሲቲኤስ፣ በ304 የሚጀምረው ስታክፖል የሚባሉ አምራቾች የሠሩት ነው። ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን ይናገራሉ። ለምሳሌ 1376634 ቢል፣ ሲቲኤስ በ1966 በ34ኛው ሳምንት ሠራው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ብታገኙ አትደንግጡ። ፌንደር በ1966 እነዚህን ቁልፎች በገፍ ገዝቶ እስከ 1969 ድረስ ሲገጥማቸው ኖሯል። ቁጥሩ የጊታሯን የልደት ቀን አይነግርሽም፤ ከዚያ ሳምንት በፊት አለመወለዷን ግን ይነግርሻል። ለ1961 ወሬ ይህ ብቻውን ይበቃል። አንገቷ ከአካሏ ሲለይ ደግሞ ተረከዙ ላይ ወርና ዓመት በማኅተም ታትሞ ይገኛል፤ እሱ ወደ እውነተኛው ቀን ይበልጥ ይጠጋል።

ይህን ሥራ ግን አንቺም ልጅሽም አትሞክሩት። ብሎኖቹ ሃምሳ ዓመት የተኙ ናቸው። በሰማያዊው ቀለም ተጣብቀውም ሊሆን ይችላል፤ አንዱን በጉልበት ስትፈቱት ቀለሙ አብሮ ይነሳል። በአካባቢሽ የቆዩ ጊታሮችን የሚጠግን ሰው ፈልጊ። ስትሄጂ ሁለት ነገር ንገሪው፤ ያገኘውን ሁሉ ፎቶግራፍ እንዲያነሳ፣ የውስጡን ብየዳ ደግሞ እንዳይነካ። ያልተነካ የፋብሪካ ብየዳ ራሱ ምስክር ነው፤ አንዴ በጋለ ብረት ከተነካ ምስክርነቱ ያበቃል። የጣት ሰሌዳው ምን ዓይነት እንጨት እንደሆነም አስጽፊው። በ1969 አካባቢ ፌንደር ይጠቀም የነበረው የህንድ ሮዝውድ ነው። የብራዚሉ ቢሆን ከ1992 ወዲህ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር ተሻግሮ መሸጥ አይችልም። ዋጋዋን ደግሞ ልትገዛት የምትፈልግ ሱቅ እንድትተምንልሽ አታድርጊ። የሚገዛ ሰው ሲገምት እጁ ወደ ራሱ ኪስ ያደላል። በክፍያ የሚተምን፣ ለመግዛት የማይጓጓ ሰው በጽሑፍ ይስጥሽ፤ ቢቻል ከሁለት ቦታ።

ያን ቀን ወንድምሽን በቪዲዮ አስገቢው። በአንቺ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን እሱ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ሽፋኑ ሲነሳ፣ ቁጥሩ ሲነበብ፣ እኩል ይይ። ከአንቺ አፍ ሰምቶ የሚጠራጠረውን ነገር በዓይኑ ሲያየው መቀበል ይቀለዋል።

ግን ከዚያ ቀን በፊት መደወል አለብሽ። ቁጥሩ ሲነበብ ያን ጊዜ «አሃ፣ ለካ የእኛ አቆጣጠር ነው» ብለሽ አዲስ እንደሰማሽ ብትሆኚ ይቀልሽ ይሆናል፤ እሱ ግን አንድ ቀን ይደርስበታል። እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦ «ክዳኑ ላይ ያለው 1961 የእኛ ዓመት መሆኑ መጀመሪያም ገብቶኝ ነበር። ሦስት ወር ዝም ያልኩህ ዋጋ ልታወርጂ ነው እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። ዝም ማለቴ ስህተት ነው። አብረን እናስከፍታት፤ እያየህ።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከአምስተኛው በፊት እሱ ይናገር። ይቆጣ ይሆናል። በነገራችን ላይ ወንድምሽ በየቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚኖር ሰው ነው፤ የራሱን የልደት ቀን የሚጽፈው በዚያ ነው። ይህ ሳይገባው ቀርቶ ነው ብዬ አላስብም። ሰው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ሲያይ ዓይኑ ሌላውን አያይም፤ አንቺም በፍርሃት ያደረግሽው ከዚያ የተለየ አይደለም።

አሁን ወደ ሳሉ እንምጣ። «ለእኔ ሳሉ ቀረኝ» ያለው ላይ ስደርስ ደብዳቤሽን አስቀምጬ ሻይ አፈላሁ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ዶላር ልከሽ ይሆናል፤ መድኃኒቱም የተገዛው በእሱ ይሆናል። ሌሊት ተነስቶ ጀርባ ያሻሸው ግን ወንድምሽ ነው። እስቲ ልጠይቅሽ፣ ያን ጊዜ ስትደውዪ «አባዬ እንዴት አደረ?» ነበር የምትዪው ወይስ «አንተስ እንዴት አደርክ?» ብለሽ የጠየቅሽበት ቀን አለ? ልወቅስሽ አይደለም፤ ሩቅ ያለ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለታማሚው ነው። ከአባታችሁ ዕቃስ ለእሱ ምን ደረሰው? ኮቱ? ፎቶግራፎቹ? ሬዲዮው? ጊታሯን ስትወስጂ ዝም ማለቱን ጽፈሻል። እናት «ውሰጂው» ብላ ሳለ ቀብር ያወጣ ልጅ ምን ይላል? ምናልባት ሽያጩ የታየው ሁለታችሁን እኩል የሚያደርግ ብቸኛ መንገድ ሆኖ ነው። ጊታር ለሁለት አይሰነጠቅም፤ ገንዘብ ይከፈላል።

ስለዚህ ሁለቱን ሒሳብ ለያዪአቸው። የማስታመሙ ውለታ ከጊታሯ ዋጋ ጋር አይገናኝም። ግምቱ ከመምጣቱ በፊት፣ አቅምሽ የሚፈቅደውን ያህል፣ ለእሱ ብቻ ብለሽ ላኪ፤ ለቤት፣ ለእናታችሁ፣ ለሐውልቱ ሳትዪ። ታክሲዋ ነገ የውሸት ሆና ብትገኝ እንኳ ይህ ዕዳ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጊታሯ ስትነጋገሩ የምትነጋገሩት ስለ ጊታር ይሆናል።

መሸጥ ክህደት ነው የሚል ሰው ካለ አትስሚው። ወንድምሽ ገንዘቡ በእርግጥ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ እናንተም ከተስማማችሁ፣ በእውነተኛ ዓመቷ ሽጡና ተካፈሉ። ሌላው መንገድ በጽሑፍ በመጣው ግምት መሠረት የእሱን ግማሽ አንቺ በየወሩ እየከፈልሽ ጊታሯን ማስቀረት ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ልብሽ ወደዚህ ያጋደለ መሰለኝ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። የትኛውንም ስትመርጡ አንድ ያልተጠየቀ ሰው አለ። እናትሽ «ውሰጂው» ያሉት ከአቧራ ለማዳን ነው ወይስ የአንቺ ትሁን ብለው? ሁለቱ አንድ አይደለም። ሁለታችሁም ባላችሁበት ጠይቋቸው።

ለጀርመኑ ገዢ ወንድምሽ ዛሬውኑ ይጻፍለት፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ቀለሟም የፋብሪካ አይደለም ይበለው። ስለ ቀለሟ ሳይነግረው ቀርቶ ከሆነ መኪና የሚገዛው ገንዘብ አሁንም አይጸናም፤ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ገንዘቡ ባንክ ገብቶ ሳይረጋገጥ፣ ማንም ምንም ቢል፣ ጊታሯ ከቤትሽ እንዳትወጣ።

ስለ ቀለሙ ደግሞ። እንደገና የተቀባ ጊታር፣ ሌላው ሁሉ የፋብሪካው ሆኖ እንኳ፣ ነጋዴዎች ግማሽ ያህል ዋጋውን ይቀንሱበታል። ይህ የባትላሜራው ሰማያዊ ዋጋ ነው፤ ተከፍሏል፣ አልቋል። ልጅሽ ያሰበው ፍቆ ወደ ድሮው መመለስ ያን ግማሽ አይመልሰውም። በብርጭቆ ወረቀት የተገኘ ቡናማና ቢጫ ሁለተኛ ቅብ እንጂ የ1969ኙ አይደለም፤ በእንጨቱ ላይ የቀረ የፋብሪካ ቀለም ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል። አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ፌንደር ራሱ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ልዩ ቀለም ለሚያዝዙ ደንበኞች ይቀባ የነበረው የዱፖን ኩባንያ የመኪና ቀለም ነው። ስመ ጥሩው የሌክ ፕላሲድ ሰማያዊ የካዲላክ ቀለም ነበር። የአባትሽ ጓደኛ ሳያውቀው የካሊፎርኒያውን ፋብሪካ መንገድ ነው የተከተለው፤ ልዩነቱ የእሱ ከካዲላክ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ታክሲ መትረፉ ነው። እኔ ብሆን ያን ሰማያዊ አልነካውም። የሰብሳቢ ገበያ የሚቀንስበትን ያህል ለእናንተ ቤት ይጨምርበታል።

ልጅሽን ግን አትከልክዪው፤ ማለቴ ፍላጎቱን። ጊታር ከፍቶ የመነካካት ፍላጎት ከአያቱ የመጣ ነው፤ አያቱ ጊታሩን ጋራዥ ወስዶ ያስቀባ ሰው ነው። ማስተማር ያለብሽ አንድ ልዩነት ብቻ ነው፤ የተገጠመ ነገር ይፈታል፣ የተፈለፈለ እንጨት ግን አይመለስም። እሱ የሚፈልጋቸው ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለባቸው ፒክአፖች ናቸው። የአባትሽ ጊታር የተቦረቦረው ለሦስት ጠባብ ፒክአፖች ነው፤ ሰፊዎቹን ለማስገባት እንጨቱ መቆፈር አለበት። በዚያ ቀን የሚወጣው ፍርፋሪ ብዙ ገንዘብ ይዞ ይወጣል። ይልቅ ያገለገለ ስኳየር ግዢለት። የፌንደር ኩባንያ የራሱ ርካሽ ምርት ነው፤ ቅርጹ ከታክሲዋ ጋር አንድ ነው። እሱን ይፍታው፣ ይቀባው፣ ይበይድበት፣ ያበላሸው። ብየዳ የሚለመደው በማይቆጭ ዕቃ ላይ ነው። እኔ በዚያ የጃፓን ጊታር ፋንታ አንድ የሚበላሽ ነገር የሚሰጠኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ ባልተናዘዝኩም።

ታክሲዋን ግን ይጫወትባት። ቆልፈሽ አታስቀምጫት። አዳዲስ ክር ይደረግላት፤ የተበሉ ፍሬቶች (አንገቷ ላይ የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ካሉ ጠጋኙ ይያቸው። በክረምት ማሞቂያ አጠገብ አትሁን፤ ደረቅ ሙቀት የቆየ እንጨትን ይጎዳል። የሚተካ ነገር ካለ አሮጌው፣ አንዲት ብሎን እንኳ ብትሆን፣ በከረጢት ተደርጋ ሳጥኑ ውስጥ ትቀመጥ።

የመጨረሻው መምረጫው ነው። አልተበላሸም። የዚያ ዘመን ስትራቶካስተር ፒክአፕ መምረጫው ሦስት ማረፊያ ብቻ ነበረው፤ ፋብሪካው አምስት ማረፊያ ያለውን መግጠም የጀመረው በ1977 ነው። ተጫዋቾች ግን ቀድመው አንድ ነገር ደርሰውበት ነበር፤ መምረጫውን በሁለት ማረፊያዎች መካከል ብታቆሚው ሁለት ፒክአፖች አብረው ይሰማሉ፤ ድምፁም ቀጠን፣ ሆዱ ባዶ፣ በአፍንጫ የሚዘፍን ሰው ድምፅ ይመስላል። ችግሩ መምረጫው እዚያ አይቆምም፤ ትንሽ ከተነካ ወደ አንዱ ማረፊያ ይንሸራተታል። ስለዚህ አንዳንዱ በወረቀት፣ አንዳንዱ በእንጨት ስንጥር ያስይዘው ነበር። ክብሪቷን የወተፋት አባትሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሲጫወት የሚፈልጋት ድምፅ እንዳትሸሽ በጣቱ ያስገባት ናት። እናትሽ የትኛው ዘፈን ላይ ያን ድምፅ ይፈልግ እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል፤ ጠይቂያቸው። ከዚያ ልጅሽ ክብሪቷን ሳያወልቅ፣ ጊታሯን ማጉያ ላይ ሰክቶ፣ አጎቱ በስልክ እየሰማ ይጫወት።

ወደ ጠጋኙ ስትሄጂም ከብየዳውም ከፎቶግራፉም በፊት ስለ ክብሪቷ ንገሪው። ጎበዝ ጠጋኝ ሽፋን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቆሻሻውን እፍ ማለት ነው።